አምስት ዓሦች በአማና

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

ባልዲውን በሁለት ጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። በየኩርባው ውሃው ክዳኑን እየገፋ ቀሚሴ ላይ ሲፈስ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ከወገቤ በታች ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች የደጋን ከተማ ሴት ክዳኑን በጣቷ ከፈት አድርጋ አየችና «ለወጥ ነው?» አለችኝ። አማና ነው፣ የሰው አደራ፣ አልኳት። «ዓሣ አማና ሲሰጥ ዛሬ ሰማሁ፣ ወላሂ!» ብላ መናኸሪያ እስክንደርስ ሳቀችብኝ።

እኔም ራሴ ገና አላመንኩትም። ጋሽ መኮንን ነገ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የሐሞት ጠጠር ሊያስወጡ ነው፤ የሚያርፉት ልጃቸው ዳዊት ቤት ነው። ቤታቸው ለሦስት ሳምንት ይዘጋል፤ ዓሦቹን የሚያይ የለም። ዓሣ አሳድጌ አላውቅም ብላቸው «እኔስ ማስተማር የጀመርኩት አስተምሬ ሳላውቅ አይደል?» አሉኝ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። አሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ሞቶ ትምህርቴን ላቋርጥ ስል፣ ቢስቲማ እኛ ቤት ድረስ መጥተው እናቴን ያሳመኗት እሳቸው ናቸው። ያኔ ባይመጡ ዛሬ ፋብሪካም ደመወዝም አይኖረኝም ነበር።

መስታወቱን፣ የዓሦቹን ቤት፣ ከነጠጠሩ የፋብሪካችን ሾፌር ከደሴ ሲመለስ በፒካፕ አወረደልኝ። የሚሞላው ውሃ ማደር ስላለበት ዛሬ ዓሦቹ ትልቁ ሳፋ ውስጥ ናቸው፤ የአየር ፓምፑ ይንቦጫቦጭላቸዋል። አምስት ናቸው። ጋሼ ባሻ የሚሉት ስምንት ዓመት የሆነው ትልቁ ብርቱካንማ፣ ሁለት ነጫጮች፣ አንድ ዝንጉርጉር፣ አንዲት ትንሽ ጥቁር።

ጋሽ መኮንን ወረቀት ጽፈውልኛል። እዚህ ልገልብጠው፣ እንዳይጠፋብኝ፦

ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ አታስቀምጪ።
የቧንቧ ውሃ ቀድተሽ ወዲያው አትጨምሪ። ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን ክዳኑ ተከፍቶ ይደር።
በሳምንት አንዴ ሩቡን ውሃ ቀይሪ። ሙሉውን በጭራሽ።
ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ቆንጥረሽ። ትርፉ መርዝ ነው።
ስፖንጁን አታጥቢ። ከደፈነ፣ ከዚያው ከመስታወቱ በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ አድርጊው።

«አታጥቢ» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምረዋል።

አከራዬ እማማ ዘምዘም መቁጠሪያቸውን እንደያዙ መጥተው ሳፋውን ከበላዩ ቆመው አዩ። «ድመት አስራ በረሃብ በመግደሏ ጀሀነም የገባችውን ሴት ሰምተሻል?» አሉኝ። ሰምቻለሁ እማማ አልኳቸው። «እንግዲህ» አሉና ሄዱ።

እሑድ፣ ግንቦት 2

ቀኑን ሙሉ በዚህ ነገር። ወገቤ ተቆረጠ።

ብረት ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ አርቄ ከግድግዳው አስጠጋሁት። አንዱ እግሩ ስለሚያነክስ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ ከተትኩ። ከላይ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ፣ ከዚያ መስታወቱ። ጠጠሩን ሳጥብ የወጣው ውሃ ጥቁር ቡና ይመስል ነበር። አምስት ጊዜ አለቀለቅኩት።

ከዚያ የማጣሪያው ስፖንጅ። ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ የሚሸት። ወረቀቱን አየሁ። ስፖንጁን አየሁ። ሥራዬ ጥራት ቁጥጥር ነው፤ አንዲት ነጥብ ያለችበትን የክር ጥቅልል የምመልስ ሰው ነኝ። ጋሼ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ ቆሻሻው አይታያቸውም ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ እንዲያ ነው ያሰብኩት። በበረኪና ዘፈዘፍኩት፣ አሥር ጊዜ አለቀለቅኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ለካ ቀለሙ ሰማያዊ ነው!

ትናንት በጀሪካኖች ቀድቼ ያሳደርኩትን ውሃ ሞላሁ። ዓሦቹን በጆግ እየጨለፍኩ አንድ በአንድ አስገባኋቸው። ባሻ አንዴ ዞረና ግድግዳውን ተመለከተ፣ ቤት ሊከራይ እንደመጣ ሰው።

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ውሃው የለም ያስብላል፣ ጥራቱ! ዓሦቹ አየር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ፎቶ አንስቼ ለጋሽ መኮንን ላክሁ። «በጣም ንጹሕ ነው» ብለው መለሱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «በጣም» ብቻ ጻፉ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

ሥራ ቦታ ለሁሉም አሳየሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ከጠዋት ፈረቃ ስምንት ሰዓት ተኩል ገባሁ። ውሃው ወተት ጠብ ያለበት መስሏል። አምስቱም ከላይ ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የመስታወቱ ቴርሞሜትር ሃያ ሰባት ይላል። ደሴ ከሃያ አይዘልም ነበር።

ጠጠሩ ላይ ደግሞ ነጭ ነገር አየሁ። በማንኪያ ሳወጣው ዳቦ ነው። ግማሽ ዳቦ ይሆናል።

የክፍሌ ቁልፍ እማማ ዘምዘም ጋም አለ። ሄጄ ጠየቅኳቸው። «አፋቸውን ከፍተው ሲለምኑኝ ዝም ልበል? እኔ ቤት የራበው ፍጡር አይውልም» አሉ። እየለመኑ አይደለም እማማ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው አልኳቸው። ደነገጡ። «ያ ረቢ፣ እኔ ምን አውቄ!» መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ። የተናገርኩበት ድምፅ ጠንከር ያለ ነበር። ማታ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ሩቡን ውሃ ቀየርኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ትንሿ ጥቁር ሞታለች። ከሥራ ስገባ በጎኗ ተንሳፍፋ አገኘኋት። ከጣቴ አትረዝምም። ግቢው ውስጥ ሎሚው ሥር ቀበርኳት። እማማ ዘምዘም ከበረንዳ ሆነው አዩኝ።

እጄን ሳልታጠብ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ መኮንን ናቸው፣ ከሆስፒታል። ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው። ድምፃቸው ቀጥኗል። «እንዴት ናቸው?» አሉኝ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

ሁሉም ደህና ናቸው አልኩ።

«ባሻስ?» ደህና ነው። «ትንሿስ?» እሷም።

አፌ እንዴት እሺ እንዳለኝ አላውቅም። ነገ ቢላ ሥር የሚገባን የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ዓሣዎ ሞተ ይባላል? አይባልም። ግን ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ አልከበደኝም፤ የከበደኝ እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ዳዊት መልእክት ላከ። በሰላም ወጥተዋል። አልሐምዱሊላህ። ማሽኖቹ መሃል ቆሜ አለቀስኩ፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ የክር ብናኝ ዓይኔ የገባ መስሏት ልትነፋልኝ መጣች።

በምሳ እረፍት ስልኬ ላይ አነበብኩ። ያ ጥቁር የሚያዳልጥ ነገር ቆሻሻ አልነበረም። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። የዓሦቹ ኩስና ሽንት ውሃ ውስጥ መርዝ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎቹ ናቸው መርዙን የሚበሉት። ጋሼ ስምንት ዓመት ያኖሩትን እኔ በአንድ እሑድ በበረኪና ጨረስኩት። ዳቦው ጥፋቱን አባባሰው እንጂ ጥፋቱ የኔ ነው። ዓሦቹ በራሳቸው ሽንት እየተመረዙ ናቸው።

አዲስ ባክቴሪያ እስኪራባ ሳምንታት ይፈጃል ይላል። ባሻ ሳምንታት የሚጠብቅ አይመስልም።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

መብራት የለም። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል አሉኝ ጎረቤቶች ስገባ። ፓምፑ ዝም ብሏል። ነጫጮቹ ከላይ ናቸው። ባሻ ጠጠሩ ላይ ሆዱን አሳርፎ ተኝቷል፤ ክንፉን ብቻ ያነሳል።

ጫማዬን ሳላወልቅ ጆግ አነሳሁ። ውሃውን ከመስታወቱ እየጨለፍኩ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ፤ አየር ይዞ እንዲገባ። መቶ ጊዜ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩ። ክንዴ ሲዝል እማማ ዘምዘም ከጁምዓ ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስቀምጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «አምጪው» አሉ።

ተራ በተራ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አፈሰስን። እሳቸው ሲያፈሱ ከአፋቸው ዚክር፣ የአላህ ውዳሴ፣ አይጠፋም፤ እጃቸውም እንደ ዚክሩ ልኩን ጠብቆ ይወጣል ይወርዳል። ከኔ ይበልጣሉ። በወጣትነታቸው ፈትል ክፍል ሠርተዋል ለካ፣ እኛው ፋብሪካ፣ አሥራ ሁለት ዓመት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ቤታቸው ስኖር ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

«ለሽማግሌው ነገርሻቸው?» አሉኝ መሃል ላይ።

አልነገርኩም አልኩ። ሁሉም ደህና ናቸው ማለቴንም ነገርኳቸው።

ጆጉን አልዘረጉልኝም፣ ያዙት። «አማና ሸክም ነው ልጄ። ውሸት ስትጨምሪበት ማን ይሸከመዋል?» አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ «አብሽሪ፣ ገና አልመሸም» አሉኝ።

መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ተንቀጠቀጠና ጀመረ። ሁለታችንም ጮኽን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ነገርኳቸው።

መጀመሪያ ዳዊት ነው ያነሳው። «አባዬ ደክሞታል፤ ስለ ዓሣ ምንም እንዳትነግሪው፣ ደህና ናቸው በይው» አለኝ በሹክሹክታ። ከኋላው «ስልኩን አምጣ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልቻልኩም። ትንሿ መሞቷን፣ ረቡዕ መዋሸቴን፣ ባሻ መተኛቱን። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ስፖንጁን አጠብሽው?»
አዎ ጋሼ።
«በምን?»
በበረኪና።

ከዚያ የሚያቃስቱ መሰለኝ፤ እየሳቁ ነው። «ኧረ አታስቂኝ፣ ስፌቴ!» ይላሉ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ድምፃቸው ሌላ ነበር። «ረቡዕ ስትዋሺኝ አውቄያለሁ ሉባባ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሰምቻለሁ። ግን እኔም አልጠየቅኩሽም። በማግስቱ የሚጠብቀኝን ሳስብ ክፉ ወሬ መስማት አልፈለግኩም። ሁለታችንም አጠፋን።»

ከዚያ አስተማሪ ሆኑ። በረንዳቸው ላይ የውሃ ተክል ያለበት ሰማያዊ በርሜል አለ። ከሥሩ፣ በድንጋይ የተጫነ አሮጌ ስፖንጅ አለ። ታጥቦ አያውቅም። «እሱን በበርሜሉ ውሃ ነክረሽ፣ ሳይደርቅ፣ ዛሬውኑ አምጪ። ተክሉንም ዝገኚ። ረቡዕ ብትነግሪኝ ረቡዕ አምጪው እል ነበር።» ይህቺን የመጨረሻዋን በቁጣ አላሉም። ለዚህ ነው ያመመችኝ።

ወዲያው ወደ ደሴ ወጣሁ። ጭጋግ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሹራብ አልያዝኩም። ቁልፉን ከጎረቤታቸው ተቀበልኩ። እጄን እስከ ብብቴ በርሜሉ ውስጥ ከትቼ ስዳብስ አገኘሁት። ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ የሚሸት። ከወርቅ በላይ ሆነብኝ። ክዳን ባለው ባልዲ ይዤው ወረድኩ።

አሥር ሰዓት ላይ አስገባሁት። ውሃው ለጊዜው ጠቆረ። አልነካሁትም።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ባሻ አልሞተም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ሁለት ቀን ምንም አላበላሁም። በየቀኑ ሩቡን ውሃ እቀይራለሁ። መስታወቱን ቀን ቀን በእርጥብ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ ሃያ አራት ላይ ወርዷል። ነጫጮቹ ከላይ ወርደው ተክሉ ውስጥ ገብተዋል። ዝንጉርጉሩ ጠጠር በአፉ እያነሳ ይተፋል፤ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ባሻ ከጠጠሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቆሟል። አይዋኝም፣ ቆሟል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

በላ! ባሻ በላ! አንዲት ቅንጣት ወሰደ፣ ተፋት፣ አሰበበት፣ መልሶ ዋጣት። ለጋሽ መኮንን ደወልኩ። «መልሶ ዋጣት?» እያሉ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ውሃው እንደዚያ ሰኞ ጥርት ያለ አይደለም። ቀለል ያለ ሻይ ይመስላል። ስፖንጁ አስቀያሚ ነው። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳየው ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

ዐረፋ። ቢስቲማ እናቴ ዘንድ ነኝ። ሥጋ ጠግቤ፣ ዘመድ ጠግቤ። ሰው ሁሉ መቼ ታገቢያለሽ ይለኛል፣ እኔ ስለ ዓሣ አወራለሁ። አጎቴ «የዓሣ ኩስ ለመቀየር ነው ፋብሪካ የገባሽው?» አለኝ። እናቴ ግን ጋሽ መኮንንን አልረሳቻቸውም፤ ማር በገንቦ አዘጋጅታለች፣ አድርሺልኝ ብላ።

ስወጣ እማማ ዘምዘምን አስምያቸዋለሁ። ዓሦቹ ሁለት ቀን ባይበሉ ምንም አይሆኑም አልኳቸው። «ለዐረፋም?» አሉ። ለዐረፋም። «ወላሂ አልሰጣቸውም» አሉ፣ ግን ዓይናቸው መስታወቱ ላይ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

አልሰጧቸውም። ጠጠሩን በባትሪ ሳይቀር ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። «ሳልፍ ሳገድም ዒድ ሙባረክ እያልኳቸው ዋልኩ፣ ሌላ ምን ላድርግ» አሉኝ። አቀፍኳቸው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

ጋሽ መኮንን መጡ። ዳዊት በመኪና ከአዲስ አበባ ይዟቸው ሲመጣ ቀጥታ ወደ እኔ። ከስተዋል፣ ሱሪያቸው ሰፍቷቸዋል። ሻይ አልፈለጉም፣ ወንበር ብቻ አሉ። መስታወቱ ፊት ተቀምጠው ዓሦቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። አራቱም መጥተው ፊታቸው ተሰለፉ። ባሻ ከሁሉ ፊት።

እኔ ከኋላቸው ቆሜ ክር ስፈትሽ እንደምጠብቀው ዓይነት እጠብቃለሁ፤ ያልታየኝ ነገር ይታያቸው ይሆን ብዬ።

«ባሻ ወፍሯል» አሉ በመጨረሻ። እፎይ አልኩ።

እማማ ዘምዘም ገቡና ሁለቱ አዛውንቶች ተዋወቁ። «የዳቦዋ ሴትዮ እኔ ነኝ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ እማማ፣ ቆመው። ጋሼ ከወንበራቸው ለመነሳት ሞከሩ፣ ስፌቱ ያዛቸው። «የጆጓም ሴትዮ እርስዎ ነዎት፣ ሰምቻለሁ። ይቀመጡልኝ» አሉ። እስከ አሥር ሰዓት ስለ ድሮው ፋብሪካ ሲያወሩ ዳዊት መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው።

ከመሄዳቸው በፊት ጋሼ መቀስ ጠየቁኝ። ስፖንጁን ከውሃው አውጥተው ለሁለት ቆረጡት። ግማሹን ባልዲ ውስጥ ከነውሃው ጥለው፣ ያመጡትን ትርፍ ፓምፕ ሰጡኝ። «ይሄ ያንቺ ነው። መስታወቱን ራስሽ አሠሪ። ዓሣ ለመግዛት አትቸኩይ» አሉ።

አልገባኝም፣ ለኔ? አልኳቸው። «አንድ ገድለሽ አራት ያተረፍሽ ሰው ነሽ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ስንት እንደገደልኩ ባለቤቴ ብትኖር ትነግርሽ ነበር» አሉ።

የእናቴን ማር፣ መስታወቱንና ዓሦቹን ጭነው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ የመስታወቱ ቅርጽ በውሃ ቀርቷል። ሳልጠርገው ወጣሁ። ቤቱ ድምፅ የለውም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 27

መስኮት የሚገጥመው ሰውዬ አምስት መስታወት ቆርጦ በሲሊኮን አጣብቆልኝ ነበር። ትናንት ሞላሁት፣ በአንዱ ጥግ ጠብ ጠብ ይላል። ዛሬ አድርቄ ወሰድኩለት። «የመስኮት ሥራ ውሃን ከውጭ ነው የሚከለክለው፣ ያንቺ ከውስጥ ነው» ብሎ ራሱን እያከከ ጥጉን ሁሉ ደገመው። ሁለት ቀን ይድረቅ አለ። ግማሹ ስፖንጅ ባልዲው ውስጥ ፓምፑ እየነፋለት በሕይወት አለ። በሕይወት አለ ስል ሥራ ቦታ ሳቁብኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 30

አይፈስም። ሌሊቱን ሙሉ ከሥሩ ያነጠፍኩት ጋዜጣ ደረቅ ነው።

ጠጠር ከቦርከና ዳር፣ በውሃ ብቻ የታጠበ። ተክል ከጋሽ መኮንን በርሜል። ውሃ፣ ያደረ። ግማሹ ስፖንጅ፣ ከነፓምፑ። ዓሣ የለም። ጋሼ እንዳሉኝ ትንሽ ምግብ ቆንጥሬ ባዶው ውሃ ላይ በተንኩ፤ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት ያገኛሉ።

እማማ ዘምዘም በሩ ላይ ሆነው አዩኝ። «ለማን ነው የምታበይው?»

ለሚመጡት አልኳቸው። መቼ እንደሚመጡ ጠየቁ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል አልኩ። ይስቁብኛል ስል የራሳቸውን በርጩማ አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ፓምፑ ይንቦጫቦጫል። ተክሉ ይወዛወዛል። ሁለታችንም ባዶ ውሃ እናያለን።

እሳቸው ሁለት ትልልቅ ይሁኑ ይላሉ፤ ግርማ ያላቸው። እኔ አራት ትንንሽ ነው የምፈልገው፣ እዚሁ ሲያድጉ ለማየት። እስከ መግሪብ ሰላት ተከራከርን፣ አልተስማማንም።

ጊዜ አለን።